አራት ጭልፊት ብቻ ሲቀር፦ ከሐረር የታየ የሞሪሸስ ደን ጉዳይ

ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከጀጎል ግንብ ውጭ ሜዳ ላይ ተቀምጠናል። የትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ ልጆች አብረውኝ አሉ። ጅብ የሚያበላው ሰው ቅርጫቱን አጠገቡ አስቀመጠና ተጣራ። እያንዳንዱን በስሙ ነው የሚጠራው። ጅቦቹ ከጨለማው ብቅ ብቅ አሉ። ሥጋውን በአጭር እንጨት ጫፍ ላይ እያደረገ አንድ በአንድ አጎረሳቸው።

የሐረር ልጅ በዚህ አይገረምም። ግንቡ ራሱ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉት። በዓሹራ ዕለት ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ልጆቹም አልተገረሙም። አንዷ ተማሪ ግን ዝም ብላ ቆይታ ጠየቀችኝ። «ቲቸር፣ ሰው እያጎረሰው የሚያድር አውሬ አሁንም የዱር አውሬ ነው?»

እዚያው አልመለስኩላትም። ጥያቄዋን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ለዚህ ጥያቄ የማውቀው የተሻለ መልስ ያለው ግን ሐረር ሳይሆን ህንድ ውቅያኖስ መሃል ነው፤ ሞሪሸስ ደሴት። አንዲት ትንሽ ጭልፊት ከመጥፋት የተመለሰችበት ጉዳይ ነው። በሚቀጥለው የክበብ ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረክሁላቸው። እዚህ የምጽፈው ያንኑ ነው፣ ትንሽ ሰፋ አድርጌ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደሴቲቱና ደኗ

ሞሪሸስ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ትገኛለች። ስፋቷ 1,865 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረሪ ክልልን አምስት ስድስት ጊዜ ብትደረድሩት ይሞላታል። ከባሕር ሥር በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተሠራች ናት። ከየትኛውም አህጉር ጋር ተያይዛ አታውቅም።

ልጆቹን እዚህ ላይ ትንሽ አቆየኋቸው፣ ምክንያቱም ቀሪው ታሪክ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው። እዚያ የደረሰ ፍጥረት ወይ በሮ፣ ወይ በውኃ ተንሳፎ፣ ወይ ነፋስ ወስዶት ነው። በእግሩ ሄዶ የደረሰ የለም። ስለዚህ ሰው ከመምጣቱ በፊት በደኑ ውስጥ ከሌሊት ወፍ በቀር አጥቢ እንስሳ አልነበረም። አይጥ የለም። ድመት የለም። ጦጣ የለም። የሚያሳድዳቸው አውሬ ስለሌለ ወፎቹ መሸሽ አልተማሩም። ዶዶ የሚባለው መብረር የማይችል ወፍ፣ የርግብ ዘመድ፣ መሬት ለመሬት ይሄድ ነበር። ቅጠሉን የሚግጡት ግዙፍ ኤሊዎች ነበሩ።

ደጋው ክፍል በዓመት እስከ 4,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል። ደኑ ግን እንደ ኮንጎ ደን ሽቅብ አይመዘዝም። ከባሕር የሚነሳው አውሎ ነፋስ በየጊዜው ስለሚመታው ዛፎቹ አጠር፣ ደንደን ብለው፣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ተቆላልፈው ይቆማሉ። ልቡ ጥቁር የሆነው ኢቦኒ ዋናው ዛፍ ነው። በአገር ተወላጅነት ከሚታወቁት ወደ 700 የሚጠጉ አበባ የሚያወጡ ተክሎች ውስጥ ብዙዎቹ ከዚያች ደሴት ወይም ከጎረቤቶቿ ሌላ በዓለም ላይ የትም የሉም።

ግንዱ ላይ አረንጓዴ እንሽላሊት ይሮጣል። ማታ ማታ በቤታችን ግድግዳ ላይ የምናየው እንሽላሊት ዘመድ ነው። ይኼኛው ግን የሚወጣው በቀን ነው፤ ቀለሙም ያበራል። ከእነሱ አንዱ፣ ጅራቱ ሰማያዊ የሆነው፣ ሩሴያ የሚባል ተክል አበባ ውስጥ ምላሱን ሰዶ ማሩን ይልሳል። ሲልስ የአበባው ብናኝ ይጣበቅበታል፤ ወደ ሌላው አበባ ይዞት ይሄዳል። በኋላ ደግሞ የበሰለውን ፍሬ ልሶ ዘሩን ይበትናል። ለሩሴያ ሁለቱንም ሥራ የሚሠራላት እሱ ብቻ ነው። ንብ የምታደርገውን እንሽላሊት ሲያደርገው! ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ማመን አቃታቸው። ሥዕል አሳየኋቸው።

ጭልፊቷ የምትኖረው በዋናነት እነዚህን እንሽላሊቶች እያደነች ነው። ከርግብ ታንሳለች። ገላጣ ሜዳ ላይ የሚያድኑ ዘመዶቿ ክንፋቸው ረጅምና ሹል ነው። የእሷ አጭርና ክብ ነው፣ በቅርንጫፎች መካከል እየተጠማዘዘች እንድትበር። ይህች ወፍ ያለ ደን መሆን አትችልም።

አራት እስኪቀሩ

ሆላንዶች በ1638 ሰፈሩ። ኢቦኒውን መቁረጥ ጀመሩ። ከመርከብ ጋር አይጥ፣ አሳማ፣ ፍየል፣ አጋዘን፣ ረጅም ጅራት ያለው የእስያ ጦጣ ወረዱ። ዶዶ በዚያው በ17ኛው መቶ ዓመት ጠፋ። ቀጥሎ ፈረንሳዮች፣ ከእነሱ በኋላ እንግሊዞች መጡ። ደኑ ለሸንኮራ አገዳ ተመነጠረ። በ1900 አካባቢ ደግሞ አይጥ ያጠፋልናል ተብሎ ሞንጉስ የሚባል ትንሽ ሥጋ በል አውሬ ተለቀቀ። አይጡን ብቻ አልበላም። የወፍ እንቁላልና ጫጩትም በላ። ዛሬ በደህና ሁኔታ ላይ ያለው የአገሩ ደን ከደሴቲቱ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ከተረፈው ደን ውስጥ ደግሞ ተክል ተክልን ይውጣል። ከሁሉ የከፋው ዘይቱን ነው። አዎ፣ እኛ ጓሮ የምናበቅለው ዘይቱን ዘመድ፣ ቀይ ትንንሽ ፍሬ ያለው ዓይነት። መነሻው ብራዚል ነው። ፍሬውን ጦጣና አሳማ ይበሉታል፤ ዘሩን በየደኑ ይጥሉታል። ከዛፎቹ ሥር እንደ ግድግዳ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። የኢቦኒው ችግኝ ብርሃን አያገኝም። ትልልቆቹ ዛፎች አርጅተው ሲወድቁ የሚተካቸው የለም።

መጤ ተክል ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። አገሩ ሁሉ «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው፣ ሲያብብ እሳት የሚመስለው ዛፍ የማዳጋስካር ልጅ ነው። በ1820ዎቹ ቦየር የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ከማዳጋስካር ወደ ሞሪሸስ ወሰደው፤ ለቀሪው ዓለም የተዋወቀውም ከዚያ ነው። ድሬዳዋ ላይ ጥላ ሰጠን እንጂ ደን አልዋጠብንም። ልዩነቱን የሚወስነው ተክሉ በሄደበት አገር የሚጠብቀው ነገር ነው። ለዘይቱኑ ዘር የሚበትኑ ጦጣና አሳማ ቀድመው ደርሰውለታል።

የመጨረሻው ዱላ ከሰማይ ወረደ። ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለወባ መከላከያና ለእርሻ ዲዲቲ በብዛት ተረጨ። ወባን ማጥፋት ትክክል ነበር። ድሬዳዋ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ወባ ምን እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን መድኃኒቱ ከነፍሳት ወደ እንሽላሊት፣ ከእንሽላሊት ወደ ጭልፊት እየተጠራቀመ ይወጣል። በብዙ አዳኝ ወፎች ላይ እንደታየው የእንቁላሉን ቅርፊት ያሳሳዋል። እናቲቱ ልትታቀፈው ስትቀመጥ ይሰበራል። ተመራማሪዎች የጭልፊቷን መመናመን ከርጭቱ ዘመን ጋር የሚያያይዙት በዚህ ነው።

በ1974 ዱር ውስጥ የተገኙት ጭልፊቶች አራት ብቻ ነበሩ። ከአራቱ እንቁላል የምትጥለው አንዷ ናት።

አራት! ይህን ስናገር ክፍሉ ጸጥ አለ። ከክበባችን አባላት ያነሰ ቁጥር ነው።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ነበር። ኖርማን ማየርስ የሚባለው እንግሊዛዊ የሥነ ምህዳር ሊቅ በ1979 ይህችን ጭልፊት ለዕጣዋ ትተን ገንዘቡን መዳን ለሚችሉ ሌሎች ወፎች ብናውለውስ የሚል ሐሳብ ጽፏል። ክፋት አይደለም። ገንዘብ ትንሽ ነው፣ የሚጠፋው ወፍ ብዙ ነው። ሐኪም በሽተኛ ሲበዛበት እንደሚያደርገው ማለት ነው። እኔ ግን አልስማማም። የማየርስ ስሌት ትክክል የሚሆነው ሰው ሊያደርግ የሚችለው ነገር በሙሉ ከተሞከረ ነው። ያን ጊዜ ገና አልተሞከረም ነበር።

በእጅ የተሠራ ሥራ

የማዳኑን ሥራ በ1973 የጀመረው አሜሪካዊው ስታንሊ ቴምፕል ነው። ወፍ ይዞ በሰው እጅ ለማራባት ተሞከረ፤ መጀመሪያ ላይ አልተሳካም። በ1974 ግን ዱር ውስጥ ያሉት ራሳቸው አንድ ነገር አደረጉ። አንድ ጥንድ የዛፍ ሽንቁር ትቶ ጦጣ በማይደርስበት ገደል ላይ ጎጆ ያዘ። ጫጩቶቹ አድገው በረሩ። ለሁሉም ጊዜ የሰጠው ያ ገደል ነው።

በ1979 ካርል ጆንስ የሚባል ወጣት ከዌልስ መጣ። በልጅነቱ በቤታቸው ጓሮ ጭልፊትና ጉጉት ያሳድግ የነበረ ሰው ነው። የተላከው ሥራውን ለመንግሥት አስረክቦ እንዲዘጋ ነበር። አልዘጋውም። ቀጥሎ ያለውን ክፍል ለልጆቹ ቀስ ብዬ ነው የነገርኳቸው፤ የጉዳዩ ልብ እዚህ ነውና።

ጭልፊቷ በዓመት አንዴ ሦስት ያህል እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሎቹ ቶሎ ከተወሰዱባት ግን በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ እንደገና ልትጥል ትችላለች። ይህን ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንቁላሉን እያነሳህ ስትሄድ ዶሮዋ መጣሏን ትቀጥላለች። ስለዚህ ገደሉ ላይ በገመድ ወጡ። የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ወስደው ማሞቂያ መሣሪያ ውስጥ አስገቡ። ሁለተኛዎቹን እናትዬው ራሷ እንድታሳድግ ተዉላት። በአንድ ወቅት ሁለት ጊዜ መውለድ ማለት ነው።

ነገር ግን ሁለት ጊዜ የምትጥል እናት ሁለት እጥፍ መብላት አለባት። የደከመች ወፍ ደግማ አትጥልም። ስለዚህ መገቧት። ነጭ አይጥ ይዘው ደኑ ጫፍ ላይ ይቆማሉ፣ ያፏጫሉ፣ አይጡን ወደ ላይ ይወረውራሉ። ጭልፊቷ ከዛፉ ተነስታ አየር ላይ ትቀልበዋለች።

እዚህ ላይ ክፍሉ ተንጫጫ። «ጊድር መጋላ!» አለ አንዱ። ልክ ነው። ጊድር መጋላ በሚባለው የሐረር ገበያ፣ ሥጋ ተራው ጋ ቁራጭ ሥጋ በእጅህ ይዘህ ቆም ብትል ጭላት ከሰማይ ወርዶ ከጣትህ ላይ ይመነትፍሃል። ልጆቹ ሁሉ አይተዋል። ሞሪሸስ ላይ የተደረገውም ይኼው ነው፣ ለእንቁላል ተብሎ።

ማሞቂያው ውስጥ ያለው እንቁላል በየጊዜው ይመዘናል። እንቁላል እስኪፈለፈል ድረስ በቅርፊቱ በኩል ውኃ እየተነነበት ክብደት ይቀንሳል፣ በአማካይ 15 በመቶ ገደማ። ከዚያ በላይ ከቀነሰ ጫጩቱ ይደርቃል፤ ካነሰም በራሱ ውኃ ይታፈናል። ስለዚህ እርጥበቱን ለእያንዳንዱ እንቁላል ለብቻው ያስተካክላሉ። ጫጩቱ ሲወጣ የተፈጨ ሥጋ በመቆንጠጫ ያጎርሱታል፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ይህን ማንም ማሽን አይሠራውም።

ጉርሻ ማለት ይኼ ነው። ቃሉ በእኛ አፍ የፍቅር ቃል ስለሆነ ሆን ብዬ ነው የምጠቀምበት።

ላባ ያወጡት ጫጩቶች ደኑ ውስጥ በሳጥን ይቀመጣሉ። ከሳጥኑ ወጥተው ቅርንጫፍ ላይ መዝለል ይጀምራሉ። ምግብ በየቀኑ እዚያው ይቀርብላቸዋል። አንዱ አንድ ቀን እንሽላሊት ይይዛል። ቀስ በቀስ ለምግቡ መምጣት ያዘወትሩ የነበሩት ይቀራሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጨርሶ የማይመጣ ይኖራል። ሠራተኞቹ የሚጠብቁት ይህን ቀን ነው፤ ወፏ ሳትመጣ የቀረችበትን ቀን።

ከ1984 እስከ 1994 ድረስ ከ330 በላይ ጭልፊቶች ተለቀቁ። ከደቡብ ምዕራቡ ሸለቆ በተጨማሪ ወደ ጠፉባቸው የምሥራቅ ተራሮችም ተመለሱ። በዛፍ ላይ ጦጣ የማይከፍተው የጎጆ ሳጥን ተሰቀለላቸው። በ1994 ማራባቱ ቆመ። ምክንያቱም ዱር ውስጥ ያሉት ራሳቸውን ችለው ነበር።

ቁጥሩ የማይነግረን

ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም መጀመሪያ ይህን ጉዳይ ያነበብኩ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ግን እዚህ ብናቆም ጉዳዩን ግማሽ ብቻ መንገር ይሆናል።

አንደኛው ነገር ዘር ነው። ዛሬ ያሉት ጭልፊቶች የእነዚያ ጥቂት ወፎች ልጆች ናቸው። ተመራማሪዎች በሙዚየም የተቀመጡ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸውን የጭልፊት ቆዳዎች ወስደው ዘረመላቸውን ከዛሬዎቹ ጋር አወዳድረው በ2000 አሳተሙ። የድሮው የዘር ልዩነት ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። አዲስ በሽታ ቢመጣ ሁሉም አንድ ዓይነት ድክመት ሊኖራቸው ይችላል። ይህን ማንም በማጎረስ አይመልሰውም። እኔን በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ወፏ ተመልሳለች፤ ብዙዎቹ አያቶቿ ግን በደሟ ውስጥ የሉም።

ሁለተኛው ደኑ ነው። ወፍ በአሥር ዓመት ማባዛት ይቻላል። ኢቦኒ ግን እጅግ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። የጭልፊቶቹ ቁጥር ወደ ብዙ መቶዎች አደገ፣ ከዚያ ቆመ፣ በአንዳንድ ቦታም ቀነሰ። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ደረጃዋ ተሻሽሎ ነበር። በ2014 እንደገና ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመለሰች። በቂ ደን ከሌለ በቂ እንሽላሊት የለም፤ እንሽላሊት ከሌለ ጭልፊቷ የምትበላው የላትም።

ስለዚህ አሁን ያለው ሥራ በአብዛኛው አረም መንቀል ነው። የብላክ ሪቨር ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ በ1994 ተከለለ። በውስጡ አሳማና አጋዘን እንዳይገባ የታጠሩ ቦታዎች አሉ። ሰዎች ዘይቱኑን አንድ በአንድ ከነሥሩ ይነቅላሉ። ከአጥሩ ውጭ ያለው ዘይቱን ዘሩን በወፍ ሆድ ያስገባል። ስለዚህ ተመልሰው ይመጣሉ፣ እንደገና ይነቅላሉ።

ኢል ኦ ዜግሬት በምትባል 26 ሄክታር ብቻ በሆነች የባሕር ዳር ደሴት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተሞከረ። የኢቦኒውን ፍሬ ይበሉ የነበሩት የአገሩ ኤሊዎች ከጠፉ ቆይተዋል። ስለዚህ አልዳብራ ከምትባለው የሲሸልስ ደሴት የመጡ ግዙፍ ኤሊዎች በ2000 ተለቀቁላት። ፍሬውን በሉት። ዘሩን ከእናት ዛፉ ራቅ አድርገው ጣሉት። በሆዳቸው ያለፈው ዘር የበለጠ ይበቅላል። የሞተ ዘመድን ሥራ የሩቅ ዘመድ ወረሰው።

የልጅቷ ጥያቄ

ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። ሰው የሚያጎርሰው አውሬ የዱር ነው ወይ?

ለእሷ ሁለት ወፎች አነጻጸርኩላት። አንዷ ጭልፊቷ ናት። ምግቡ የተሰጣት ለጥቂት ዓመታት፣ ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ደግማ እንድትጥልና ልጆቿ አደን እስኪለምዱ። እንሽላሊቱ ደኑ ውስጥ ስላለ ምግቡ ሲቆም ራሷን ቻለች። ሁለተኛዋ የሞሪሸስ ሮዝ ርግብ ናት። እሷም በ1990 አካባቢ ዱር ውስጥ ወደ አሥር ገደማ ብቻ ቀርታ ነበር። አሁን በመቶዎች ትቆጠራለች። ለእሷ ግን ደኑ ውስጥ የእህል ማቅረቢያ ቦታዎች እስከ ዛሬ አልተዘጉም። የአበባ፣ የቡቃያና የፍሬ በላተኛ ናት፤ ዘይቱን የዋጠው ደን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ ምግብ አይሰጣትም።

«እስከ መቼ ይሰጧታል?» አለች።

«ዘይቱኑ ከተነቀለበት ቦታ የተተከሉት ዛፎች እስኪያፈሩ» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ጥያቄዬን አሳስቼ ነው የጠየቅኩት፣ ቲቸር። ማን እንደሚያጎርሰው ሳይሆን፣ ማጉረሱ ቢቆም የሚበላው አለው ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።»

የክበቡ ጸሐፊ ይህን ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ልጆቹ በራሳቸው ሐሳብ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ጊድር መጋላ እየሄዱ ጭላቶቹን ሊመዘግቡ ተስማሙ። ስንት እንደሆኑ፣ ማታ የት ዛፍ ላይ እንደሚያድሩ፣ ሥጋ ቤቶቹ በተዘጉበት ቀን የት ሄደው ምን እንደሚበሉ። ደብተሩን ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን የሚሞሉበት መስመር አስምረውበታል።